ቲጃኒ አል ማሂ፦ የሕሙማኑን ባህል ያልናቁት የአእምሮ ሐኪም

ካፉሪ ከዓባይ በስተሰሜን፣ ሱዳናውያን ባሕሪ በሚሏት የካርቱም ሰሜን ከተማ የሚገኝ ሰፈር ነው። በዚያችው ከተማ በ1950 ለአእምሮ ሕሙማን አንድ ክሊኒክ ተከፈተ። መሥራቹ ዛሬ ብዙዎች የአፍሪካ የአእምሮ ሕክምና አባት የሚሏቸው ዶክተር ቲጃኒ አል ማሂ ነበሩ።

በ1911 በነጭ ዓባይ ዳር በምትገኘው አል ካዋ ተወለዱ። በ1935 ካርቱም ከሚገኘው የኪችነር ሕክምና ትምህርት ቤት ተመረቁ፤ ኋላም እንግሊዝ ተሻግረው በአእምሮ ሕክምና ሠለጠኑ።

ስማቸውን ያቆየው ግን ዲፕሎማው አይደለም። እንግሊዝ የተማሩትን እንዳለ በሱዳናዊ ሕመምተኛ ላይ መጫን እንደማይቻል ያምኑ ነበር። ብዙ ተመራማሪዎች መነሻውን ኢትዮጵያ የሚያደርጉትን ዛርን እንደ ተራ አጉል እምነት አልናቁትም፤ አጠኑት። ከባህላዊ ፈዋሾችም ጋር ተባብረው ሠሩ። ለዚያ ዘመን ሐኪም ይህ ቀላል ድፍረት አልነበረም።

ከ1959 ጀምሮ በአሌክሳንድሪያ የዓለም ጤና ድርጅት የአእምሮ ጤና አማካሪ ሆኑ። ከ1964ቱ የጥቅምት አብዮት በኋላም በአምስት አባላቱ የሱዳን የመንግሥት ምክር ቤት ተቀመጡ። በ1970 አረፉ።

አስተሳሰባቸው ዛሬ እጅግ የሚያስፈልገው ምናልባት ለአረጋውያን ነው። የመርሳት ሕመምን ቀድሞ ለመለየት በዓለም የተስፋፋው አጭር መጠይቅ የታተመው እርሳቸው ካረፉ ከአምስት ዓመት በኋላ ነው። ዕለቱን መናገርን፣ ከመቶ ሰባት ሰባት እየቀነሱ መቁጠርን፣ ዓረፍተ ነገር መጻፍን ይጠይቃል። ፊደል ያልቆጠሩ እናት አእምሯቸው ሙሉ ሆኖ ሳለ ሊወድቁበት ይችላሉ። በአንጻሩ የታመሙትን ሱዳናዊው ኸረፍ፣ የእኛ ሰው ደግሞ ጃጁ ብሎ ያልፋቸዋል። በ1990ዎቹ በናይጄሪያዋ ኢባዳን ሥራ ላይ የዋለው መመዘኛ ይህን ለማቃናት የታሰበ ነው፤ አረጋዊውን ብቻ ሳይሆን በቅርብ የሚያውቃቸውን ሰውም ይጠይቃል። የዕለት ሥራቸው ተለውጧል ወይ? ነገር ይረሳሉ ወይ?

በኦምዱርማን በቲጃኒ ስም የተሰየመ የአእምሮ ሆስፒታል አለ። በ2023 ጦርነቱ ሲፈነዳ ኦምዱርማንም ባሕሪም የውጊያ ሜዳ ሆኑ። ከካፉሪ ተፈናቅለው በማያውቁት ከተማ የተጠለሉ አዛውንት መንገድ ቢጠፋቸው፣ ሕመም ይሁን ስደት ለመለየት ሐኪሙ አስቀድሞ የሚፈልገው ቀድሞ እንዴት እንደነበሩ የሚያውቅ ዘመድ ነው። ዘመዱ ግን ምናልባት በሌላ አገር ይሆናል።