የስቫንቴ አሬኒዩስ ታሪክ

ሎሚና ኮምጣጤ ምላስን ያኮማትራሉ፤ አመድ የተዘፈዘፈበት ውሃ ግን በጣት ሲነኩት እንደ ሳሙና ሙልጭልጭ ይላል። የኬሚስትሪ ሊቃውንት እንደ ሎሚ ውሃ ያለውን አሲድ፥ እንደ አመድ ውሃ ያለውን ደግሞ ቤዝ ይሉታል። ሁለቱ በተመጣጠነ ልክ ሲገናኙ አንዱ የሌላውን ኃይል ያጠፋል። ይህ ነገር ከብዙ ዘመን ጀምሮ የታወቀ ነበረ፤ ምክንያቱን አጥርቶ የሚያስረዳ ግን ለረጅም ጊዜ አልተገኘም ነበር። በኋላ ይህን የገለጠው ስቫንቴ አሬኒዩስ የሚባል የስዊድን አገር ሰው ነው።

አሬኒዩስ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በፌብሩዋሪ 19 ቀን 1859 ዓ.ም. ቪክ በሚባል ስፍራ ተወለደ። ቪክ የሚገኘው ኡፕሳላ ከሚባለው ከተማ አቅራቢያ ነው። አባቱ መሬት የሚለካና ርስት የሚያስተዳድር ሰው ነበረ። ልጁ ገና በሦስት ዓመቱ ማንም ሳያስተምረው ማንበብን ቻለ። አባቱ የሒሳብ መዝገብ ሲሠራም አጠገቡ ሆኖ እየተመለከተ መደመርን ተማረ። ከዚህም በኋላ በኡፕሳላ ትምህርት ቤት ገብቶ በ1876 ዓ.ም. ፈጸመ፤ በዚያው ዓመት ወደ ኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ገባ።

በ1881 ዓ.ም. ወደ ስቶክሆልም ሄደ፤ በዚያም ኤድሉንድ ከሚባል የፊዚክስ መምህር ዘንድ ሆኖ ስለ ኤሌክትሪክ ይመረምር ጀመር። ንጹሕ ውሃ ኤሌክትሪክን በሚገባ አያሳልፍም፤ ደረቅ ጨውም አያሳልፍም። ጨው በውሃ ሲሟሟ ግን ውሃው ኤሌክትሪክን የሚያሳልፍ ይሆናል። ስኳር የሟሟበት ውሃ ደግሞ እንዲህ አይሆንም። አሬኒዩስ ይህ ስለ ምን እንደ ሆነ ለማወቅ ፈለገ። ስለዚህ ልዩ ልዩ ጨውና አሲድ በውሃ እያሟሟ፥ እንደ ገናም ውሃ እየጨመረ እያቀጠነ፥ የሚያሳልፉትን ኤሌክትሪክ በትዕግሥት ይለካ ነበር።

ከብዙ ድካም በኋላ አንድ አሳብ መጣለት። ይኸውም በውሃ የሟሟ ጨው ኤሌክትሪክን ወደ ተሸከሙ እጅግ ጥቃቅን ክፍሎች ይከፈላል የሚል ነው። እነዚህን ክፍሎች ከእርሱ በፊት የእንግሊዙ ሊቅ ማይክል ፋራዴይ አዮን ብሎ ሰይሟቸው ነበር። ነገር ግን ብዙዎች ሊቃውንት ጨውን የሚከፍለው ኤሌክትሪኩ ነው ብለው ያምኑ ነበር። አሬኒዩስ ግን ኤሌክትሪክ ሳይነካው ገና በውሃ ሲሟሟ እንደሚከፈል አሰበ።

ይህንንም በ1884 ዓ.ም. የዶክተርነት ማዕርግ ለማግኘት ጽፎ ለኡፕሳላ መምህራን አቀረበ። መምህራኑም ነገሩ እንግዳ ሆነባቸው። የሚያሠጋቸው ነገር ነበረና በዚያ ዘመን ሌሎችም የኬሚስትሪ ሊቃውንት አሳቡን ለመቀበል ይቸገሩ ነበር። ጨው ከሶዲየምና ከክሎሪን የተሠራ ነው። ሶዲየም ውሃ ሲነካው የሚቃጠል ብረት ነው፤ ክሎሪንም መርዝ የሆነ ጋዝ ነው። እንግዲህ ጨው በውሃ ውስጥ የሚከፈል ከሆነ፥ ውሃው ስለ ምን አይነድም፥ የሚጠጣውንስ ሰው ስለ ምን አይገድለውም እያሉ ይጠራጠሩ ነበር። ኤሌክትሪክን የተሸከመ ሶዲየም ከብረቱ ሶዲየም በጠባዩ ፈጽሞ የተለየ መሆኑን የተረዳ ሰው በዚያን ጊዜ ጥቂት ነበረ።

ስለዚህ መምህራኑ ለማለፍ ያህል ብቻ የሚበቃ ዝቅ ያለ ማዕርግ ሰጡት። አሬኒዩስ በዚያን ጊዜ የ25 ዓመት ወጣት ነበረ፤ በዩኒቨርሲቲ ለማስተማርም ይመኝ ነበር። በእንዲህ ያለ ማዕርግ ግን ተስፋው ሊቋረጥ ደረሰ። እርሱም እጅግ አዘነ፤ ሆኖም ሥራውን አልተወም። የጻፈውንም በሌላ አገር ላሉ ታላላቅ ሊቃውንት ላከላቸው።

ከእነርሱም አንዱ በሪጋ ከተማ ያስተምር የነበረው ዊልሄልም ኦስትዋልድ ነው። ኦስትዋልድ ልዩ ልዩ አሲዶች ሥራቸውን በምን ያህል ፍጥነት እንደሚሠሩ ይመረምር ነበር። የራሱን ቍጥር ከአሬኒዩስ ቍጥር ጋር ባስተያየ ጊዜ ኤሌክትሪክን አብዝቶ የሚያሳልፍ አሲድ በሥራውም ብርቱ ሆኖ አገኘው። እጅግም ተደንቆ በዚያው ዓመት ባሕር ተሻግሮ እስከ ኡፕሳላ ድረስ መጣ፤ ወጣቱንም በሪጋ እንዲያስተምር ጠየቀው። አሬኒዩስ አባቱ ታሞበት ስለ ነበረ በዚያን ጊዜ አልሄደም። ነገር ግን እንዲህ ያለ ሊቅ ስላከበረው የኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲም የአስተማሪነት ስፍራ ሰጠው።

ከ1886 ዓ.ም. ጀምሮ በልዩ ልዩ አገር እየዞረ ከሊቃውንት ጋር ሠራ፤ በ1887 ዓ.ም. አሳቡን አሟልቶ አሳተመ። በዚህም ትምህርት መሠረት አሲድ ማለት በውሃ ሲሟሟ የሃይድሮጂን አዮን የሚሰጥ ነው። ቤዝ ማለትም ሃይድሮክሳይድ የሚባለውን አዮን የሚሰጥ ነው። ብርቱ አሲድ የሚባለው በውሃ ውስጥ ፈጽሞ ለመከፈል የሚቀርበው ነው፤ የኮምጣጤ አሲድ ግን ጥቂቱ ብቻ ስለሚከፈል ደካማ ነው።

ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ለብቻው ሥጋን ያቃጥላል፤ ኮስቲክ ሶዳም ለብቻው ሥጋን ያቃጥላል። ሁለቱ በተመጣጠነ ልክ ሲቀላቀሉ ግን የጨው ውሃ ይሆናሉ። ምክንያቱም የአሲዱ ሃይድሮጂንና የቤዙ ሃይድሮክሳይድ ተጋጥመው ውሃ ስለሚሆኑ ነው። ሲቀላቀሉም ብዙ ሙቀት ይወጣል። በቀጭን ውሃ ውስጥ ብርቱ አሲድ ከብርቱ ቤዝ ጋር ሲገናኝ፥ የአሲዱና የቤዙ ዓይነት ቢለዋወጥም፥ በአንድ ልክ ውሃ በተፈጠረ ቍጥር የሚወጣው ሙቀት ያው አንድ ነው። ይህም ነገሩ በሁሉም ዘንድ የውሃ መፈጠር መሆኑን ያስረዳል።

አሬኒዩስ በ1895 ዓ.ም. በስቶክሆልም ፕሮፌሰር ሆነ፤ በ1903 ዓ.ም. የኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ከስዊድን ሰዎች የኖቤልን ሽልማት ለመቀበል የመጀመሪያው እርሱ ነው። በዚያን ጊዜ የኬሚስትሪው ኮሚቴ ሰብሳቢ የነበረው፥ በ1884 ዓ.ም. አሳቡን ካልተቀበሉት የኡፕሳላ መምህራን አንዱ፥ ፔር ቴዎዶር ክሌቬ ነበረ።

ይሁን እንጂ የአሬኒዩስም ትምህርት ሁሉን የጨረሰ አልነበረም። አሞኒያ የሚባለው ጋዝ በራሱ ሃይድሮክሳይድ ሳይኖረው እንደ ቤዝ ይሠራል። ስለዚህ በ1923 ዓ.ም. የዴንማርኩ ብሮንስቴድና የእንግሊዙ ሎውሪ፥ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው፥ ትምህርቱን አሰፉት። አሬኒዩስ በኦክቶበር 2 ቀን 1927 ዓ.ም. በስቶክሆልም ሞተ፤ የተቀበረውም በኡፕሳላ ነው።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ነገር ግን እውነት የሚጠራው የሚደክምለት ሰው ሲኖር ነው። አሬኒዩስ ሥራው ባልተከበረ ጊዜ ሥራውን ደግሞ ደጋግሞ መረመረ እንጂ መምህራኑን በመክሰስ ጊዜውን አላጠፋም። መምህርም በተማሪው ሥራ እንግዳ ነገር ሲያይ ከመፍረዱ አስቀድሞ ሊመረምረው ይገባል። ተማሪም ዝቅ ያለ ማዕርግ ቢሰጠው ተስፋ መቍረጥ የለበትም፤ ሥራው እውነት እንደ ሆነ ይመርምር፥ እውነት ሆኖ ቢያገኘውም በትዕግሥት ይጽና።