አበበ ቢቂላ

ሻምበል አበበ ቢቂላ (ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. – ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም.) ኢትዮጵያዊ የማራቶን ሯጭና የክብር ዘበኛ መኮንን ነበር። በሮማና በቶኪዮ ኦሎምፒኮች ማራቶንን በማሸነፍ የኦሎምፒክ ማራቶንን ሁለት ጊዜ በተከታታይ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው ሆኗል። የሮማው ድል ለኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኦሎምፒክ ወርቅ ሜዳሊያ ነው። በሩጫ ምክንያት በደረሰበት የእግር ጉዳት የመጨረሻዎቹን ሁለት ማራቶኖች ሳይፈጽም ቀርቷል። ከዚያም በ1961 ዓ.ም. በደረሰበት የመኪና አደጋ እግሮቹ ሽባ ሆነው የሩጫ ሕይወቱ አበቃ። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀኖች ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

የልጅነት ዘመንና ክብር ዘበኛ

አበበ የተወለደው ዛሬ በአማራ ክልል ሰሜን ሸዋ ዞን ውስጥ በሚገኘው የደብረ ብርሃን አካባቢ፣ ጃቶ በተባለች መንደር ነው። አባቱ ቢቂላ ደምሴ፣ እናቱ ደግሞ ውድነሽ በነበሩ ይባላሉ። በተወለደበት ዕለት በሎስ አንጀለስ ኦሎምፒክ የማራቶን ውድድር ይካሄድ ነበር። በልጅነቱ እንደ አካባቢው ልጆች ከብት ይጠብቅ፣ የገና ጨዋታም ይጫወት ነበር።

በወጣትነቱ ወደ አዲስ አበባ ሄዶ የንጉሠ ነገሥቱ ክብር ዘበኛ ወታደር ሆነ። የክብር ዘበኛ ሯጮችን ያሠለጥን የነበረው በፊንላንድ ተወልዶ ስዊድናዊ የሆነው ኦኒ ኒስካነን የአበበን ችሎታ ተመልክቶ ለረጅም ርቀት ሩጫ አዘጋጀው። በመጋቢት ወር 1952 ዓ.ም. ከወይዘሮ የውብዳር ወልደ ጊዮርጊስ ጋር ጋብቻ መሥርቶ አራት ልጆች አፍርቷል።

ሮማ፣ 1952 ዓ.ም.

የሮማው ማራቶን የተካሄደው ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ ማለትም በኢትዮጵያ የዘመን መለወጫ ዋዜማ ነበር። አበበ በዚያን ጊዜ በዓለም አቀፍ ደረጃ የሚታወቅ ሯጭ አልነበረም። የተሰጡት ጫማዎች እግሩን ስላልተስማሙት፣ በልምምድም በባዶ እግሩ መሮጥ የለመደ በመሆኑ ያለ ጫማ ለመሮጥ ወሰነ።

ውድድሩ ሙቀቱን ለመሸሽ የተጀመረው አመሻሽ ላይ ሲሆን የተጠናቀቀው በምሽት፣ በችቦ ብርሃን ነበር። አበበ ለረጅም ርቀት ከሞሮኮው ራዲ ቤን አብደሰላም ጋር ጎን ለጎን ሮጠ። ወደ መጨረሻው ሲቃረቡ፣ ጣሊያን በወረራው ዘመን ወደ ሮማ ወስዳ ባቆመችው የአክሱም ሐውልት አጠገብ አለፉ። ከዚያ በኋላ አበበ ፍጥነቱን ጨምሮ ተቀናቃኙን ጥሎ ሄደ። በቆስጠንጢኖስ ቅስት ሥር በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16.2 ሰከንድ በመግባት የዓለምን ምርጥ ሰዓት ያዘ። ራዲን የቀደመው በ25 ሰከንድ ያህል ነበር።

በታኅሣሥ ወር 1953 ዓ.ም. የክብር ዘበኛ አዛዥ በነበሩት ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ የተመራው የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ሲከሽፍ፣ አበበ በነገሩ ባይኖርበትም ለአጭር ጊዜ ታስሮ ተጠይቋል። ከተለቀቀ በኋላ በ1953 ዓ.ም. በአቴንስና በኦሳካ፣ በ1954 ዓ.ም. ደግሞ በቼኮዝሎቫኪያዋ ኮሺትሴ ከተማ አሸነፈ። በ1955 ዓ.ም. በቦስተን ማራቶን ግን አምስተኛ ሆኗል።

ቶኪዮ፣ 1957 ዓ.ም.

የቶኪዮው ማራቶን ስድስት ሳምንት እንኳ ሳይቀረው አበበ የትርፍ አንጀት ሕመም አጋጥሞት ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ሆኖም በአጭር ጊዜ አገግሞ ልምምዱን ቀጠለ። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም.፣ በዚህ ጊዜ ጫማ አድርጎ፣ 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11.2 ሰከንድ በሆነ አዲስ የዓለም ምርጥ ሰዓት አሸነፈ። ሁለተኛ የወጣው እንግሊዛዊው ባሲል ሂትሊ ከአራት ደቂቃ በኋላ ነበር የገባው። ተመልካቹን ያስገረመው፣ አበበ መስመሩን እንዳለፈ በሜዳው ሣር ላይ የሰውነት ማሳሳቢያ እንቅስቃሴ መሥራቱ ነው።

ወደ አገሩ ሲመለስ የመቶ አለቅነት ማዕረግ፣ የዳግማዊ ምኒልክ ኒሻን፣ ቤትና ቮልስዋገን መኪና ተሰጠው።

የማራቶን ጫናና የእግር ጉዳት

ማራቶን 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር ነው። በዚህ ርቀት የሯጩ እግር መሬትን በአሥር ሺዎች ለሚቆጠር ጊዜ ይመታል፤ በእያንዳንዱም እርምጃ ከሰውነቱ ክብደት እጥፍ የሚበልጥ ኃይል በእግሩ ላይ ያርፋል። አጥንት ይህን ጫና የሚችለው በዕረፍት ጊዜ ራሱን እየጠገነ ነው። ጫናው ከጥገናው ሲበልጥ ትናንሽ ስንጥቆች ይጠራቀሙና አንድ ጊዜ እንኳ ሳይወድቅ የሯጩ አጥንት ሊሰበር ይችላል። ጅማትና ጡንቻም በተመሳሳይ መንገድ ይጎዳሉ። ከዕድሜ ጋር ደግሞ የማገገሚያው ጊዜ እየረዘመ ይሄዳል።

አበበ በ1958 ዓ.ም. በስፔን ዛራውትስ፣ በጥቅምት 1959 ዓ.ም. ደግሞ በደቡብ ኮሪያ ከኢንቾን እስከ ሴኡል በተደረገው ማራቶን አሸንፎ ነበር። በሐምሌ 1959 ዓ.ም. ግን በዛራውትስ ሲሮጥ እግሩን ተጎድቶ አቋረጠ። ከዚያ በኋላ የእግር ጉዳት ተመላለሰበት።

የሜክሲኮ ኦሎምፒክ ሲደርስ አበበ 36 ዓመቱ ነበር። ውድድሩ አንድ ሳምንት ያህል ሲቀረው ግራ እግሩን አመመው፤ ሐኪሞችም ፊቡላ የተባለው ቀጭኑ የታችኛው እግር አጥንት መሰንጠቁን አገኙ። እስከ ውድድሩ ዕለት እንዳይሮጥና እግሩን እንዲያሳርፍ ተመከረ። ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም. ለክብሩ የተሰጠውን 1 ቁጥር ለብሶ ተሰለፈ፤ ነገር ግን 16 ኪሎ ሜትር ገደማ ከሮጠ በኋላ አቋረጠ። ውድድሩን ያሸነፈው የአገሩ ልጅና የክብር ዘበኛ ባልደረባው ማሞ ወልዴ ነው። ስለዚህም ኢትዮጵያ በሦስት ተከታታይ ኦሎምፒኮች ማራቶንን አሸነፈች።

ብዙ ሯጮችን በሜክሲኮ የፈተናቸው የከተማዋ ከፍታ ነበር። ሜክሲኮ ሲቲ ከባሕር ጠለል በላይ 2,240 ሜትር ያህል ላይ ስለምትገኝ አየሩ ስስ ነው፤ ሯጩ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚያገኘው ኦክስጅንም ያንሳል። በደጋ ተወልዶ ላደገ ሰው ግን ይህ እንግዳ አይደለም። ጎንደር ከተማ 2,100 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስትሆን በሰሜን ጎንደር ያለችው ደባርቅ ከ2,700 ሜትር በላይ ትገኛለች። አበበ ያደገበት የደብረ ብርሃን አካባቢም ከሜክሲኮ ሲቲ ይበልጣል። በእንዲህ ያለ አገር የሚኖር ሰው ደም ኦክስጅን የሚሸከሙ ቀይ የደም ሕዋሳትን በብዛት ይይዛል። ስለዚህ ከፍታው ለአበበ እንቅፋት ሳይሆን አጋዥ ሊሆን የሚችል ነበር፤ ያቆመው የተሰበረው አጥንት ነው። ደጋ ሳንባንና ደምን ቢያጠነክርም አጥንትን ከመደጋገም ጫና አያድንም።

የመኪና አደጋ

ከሜክሲኮ ውድድር አምስት ወር በኋላ፣ መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ሌሊት፣ አበበ ቮልስዋገኑን እየነዳ ሳለ መኪናው ተገለበጠ። ከመኪናው ውስጥ የወጣው በማግስቱ ጠዋት ነው። አንገቱ አካባቢ ያለው አከርካሪው ተጎድቶ ከአንገቱ በታች መንቀሳቀስ አልቻለም።

ከሳምንት በኋላ እንግሊዝ አገር ወደሚገኘው ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ተላከ፤ በዚያም ስምንት ወር ያህል ታከመ። መጀመሪያ ጭንቅላቱን እንኳ ማዞር ያልቻለው አበበ በሂደት እጆቹን ማንቀሳቀስ ቻለ፤ እግሮቹ ግን አልተመለሱም። በሆስፒታሉ ንግሥት ኤልሳቤጥ ዳግማዊት ጎብኝተውታል።

በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ያለ ስፖርተኛ

ስቶክ ማንደቪል የአከርካሪ ጉዳት ያለባቸውን ሰዎች በስፖርት በማከም የታወቀ ነው። ሐኪሙ ሉድቪግ ጉትማን በዚያ የጀመሯቸው ጨዋታዎች አድገው ዛሬ ፓራሊምፒክ የሚባሉት ሆነዋል። የመጀመሪያው ፓራሊምፒክ ተብሎ የሚቆጠረው ውድድር የተከፈተውም በሮማ፣ አበበ በባዶ እግሩ ካሸነፈ ከስምንት ቀን በኋላ ነበር።

አበበም በሐምሌ 1962 ዓ.ም. በስቶክ ማንደቪል ጨዋታዎች በቀስት ውርወራና በጠረጴዛ ቴኒስ ተወዳደረ። በ1963 ዓ.ም. በኖርዌይ በተደረገ የአካል ጉዳተኞች ውድድር ደግሞ፣ በአገሩ በማይታወቀው በበረዶ ላይ ተንሸራታች ውድድር አሸነፈ። በ1964 ዓ.ም. በሙኒክ ኦሎምፒክ በክብር እንግድነት ተጋብዞ በተሽከርካሪ ወንበር ስታዲየም ሲገባ ሕዝቡ ተነሥቶ አጨበጨበለት። በዚያው ኦሎምፒክ ማሞ ወልዴ በማራቶን የነሐስ ሜዳሊያ አግኝቷል።

ዕረፍት

አበበ ከአደጋው ጋር በተያያዘ ችግር፣ በአንጎሉ ውስጥ ደም በመፍሰሱ፣ ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ አረፈ። በአዲስ አበባ በቅዱስ ዮሴፍ ቤተ ክርስቲያን በሙሉ ወታደራዊ ክብር ተቀበረ። በቀብሩ ላይ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴና በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ተገኝተዋል፤ ብሔራዊ የሐዘን ቀንም ታውጆ ነበር።

ትውስታ

አበበ ከሮጣቸው 16 ማራቶኖች 12ቱን አሸንፏል። ከእሱ በኋላ የኦሎምፒክ ማራቶንን ሁለት ጊዜ በተከታታይ ያሸነፉት የምሥራቅ ጀርመኑ ቫልደማር ሲርፒንስኪና የኬንያው ኤሊዩድ ኪፕቾጌ ናቸው። በአዲስ አበባ በስሙ የተሰየመ ስታዲየም አለ። የሮማው ድል 50ኛ ዓመት በታሰበበት የሮማ ማራቶን ያሸነፈው ኢትዮጵያዊው ሲራጅ ገና፣ የመጨረሻዎቹን 300 ሜትሮች ጫማውን አውልቆ በባዶ እግሩ ሮጧል። አበበ በባዶ እግሩ ያለፈበት የአክሱም ሐውልትም በ1997 ዓ.ም. ከሮማ ወደ አክሱም ተመልሷል።