ዳግማዊ ምኒልክና የነፍጥ ምርጫቸው

ዳግማዊ አፄ ምኒልክ (ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. – ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም.) ከ1857 ዓ.ም. ጀምሮ የሸዋ ንጉሥ፣ ከ1881 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ነበሩ። በዓድዋ ድልና በአዲስ አበባ መቆርቆር ይታወቃሉ። ይህ መጣጥፍ ሕይወታቸውን የሚከታተለው በጦር መሣሪያ ግዥ በኩል ነው፤ ማለትም በዘመናቸው ከነበሩት የአውሮፓና የአሜሪካ ጠመንጃዎች የትኛውን፣ ከማን፣ በምን ዋጋ እንደ ገዙና ምርጫው ለአገሪቱ ምን እንዳተረፈ። የተለየ ምልክት ከሌለ በቀር ዓመቶቹ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነት

ሣህለ ማርያም በሚባል ስማቸው በአንጎለላ ተወለዱ። አባታቸው ኃይለ መለኮት፣ እናታቸው ወይዘሮ እጅጋየሁ ይባላሉ። አያታቸው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ለጠመንጃ ትልቅ ፍላጎት ነበራቸው። በ1833 ዓ.ም. በሻምበል ሃሪስ የሚመራው የእንግሊዝ መልእክተኛ ቡድን ወደ ሸዋ ሲመጣ 300 ጠመንጃዎች በስጦታ አምጥቶላቸዋል። በዚያ ጊዜ ይህን ያህል ነፍጥ የአንድን ንጉሥ ኃይል ከጎረቤቶቹ ከፍ የሚያደርግ ነበር።

በ1848 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ ሸዋን ሲይዙ ኃይለ መለኮት በሕመም ሞቱ፤ ልጁም ተማርኮ በኋላ ወሎ ውስጥ ወደሚገኘው መቅደላ አምባ ተወሰደ። ቴዎድሮስ ምርኮኛውን እንደ ልጅ አሳድገው ሴት ልጃቸውን አልጣሽን ዳሩለት። ምኒልክ በቤተ መንግሥቱ ሳሉ የቴዎድሮስን የመሣሪያ ጉጉት በቅርብ አይተዋል። ቴዎድሮስ በጋፋት የነበሩትን የውጭ አገር ሚሲዮናውያንና የእጅ ባለሙያዎች መድፍ እንዲያቀልጡ ያስገድዱ ነበር፤ ሴባስቶፖል የተባለው ትልቁ መድፍም የዚያ ሥራ ውጤት ነው።

በሰኔ 1857 ዓ.ም. ምኒልክ ከመቅደላ አምልጠው ወደ ወሎዋ ባላባት ወደ ወርቂት ዘንድ ገቡ። የወርቂት ልጅ በቴዎድሮስ እጅ ታስሮ ስለ ነበር ውሳኔው ከባድ ነበር። እርሷ ግን ምኒልክን ወደ ሸዋ አሳለፈቻቸው፤ ልጇም በዚያ ምክንያት ተገደለ። ምኒልክ አንኮበር ገብተው የአባታቸውን ዙፋን ያዙ።

የመቅደላ ትምህርት

ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. በአሮጌ ሜዳ የእንግሊዝ ጦርና የቴዎድሮስ ሠራዊት ተጋጠሙ። እንግሊዞቹ የያዙት ሰናድር ከኋላ የሚጎርስ አዲስ ጠመንጃ ሲሆን፣ የቴዎድሮስ ወታደሮች አብዛኞቹ በአፈሙዝ ባሩድና እርሳስ የሚጠቀጠቅበት ነፍጥ ነበራቸው። አንዱ እስኪያጎርስ ሌላው ደጋግሞ ይተኩሳል። በጥቂት ሰዓት ውስጥ ከኢትዮጵያውያን በኩል በመቶዎች የሚቆጠሩ ሲወድቁ ከእንግሊዝ በኩል የቆሰሉት 20 ያህል ብቻ ነበሩ። ከሦስት ቀን በኋላ ቴዎድሮስ ንግሥት ቪክቶሪያ በስጦታ በላከችላቸው ሽጉጥ ራሳቸውን ገደሉ።

የእንግሊዝ ጦር ሲመለስ ለረዳው ለትግሬው ገዥ ለካሣ 12 መድፎችና ወደ 850 ጠመንጃዎች ትቶ ሄደ። ካሣ በ1863 ዓ.ም. በዓድዋ አጠገብ አሰም ላይ ቁጥሩ የሚበልጠውን የዋግሹም ጎበዜን (የአፄ ተክለ ጊዮርጊስን) ጦር አሸንፈው አፄ ዮሐንስ አራተኛ ተብለው ነገሡ። በ1868 ዓ.ም. ዮሐንስ የግብፅን ጦር በጉንደትና በጉራዕ ድል ሲያደርጉም ብዙ ሬሚንግተን ተማረከ። ስለዚህ ምኒልክ በሸዋ ሆነው ሲያዩ ዙፋኑ የሚሄደው የተሻለ ነፍጥ ወዳለው ነበር። በ1870 ዓ.ም. ለዮሐንስ ሲገብሩ ከምክንያቶቹ አንዱ ይህ የመሣሪያ ልዩነት ነው።

በገበያ የነበሩት ጠመንጃዎች

ምኒልክ መግዛት በጀመሩበት ዘመን የአውሮፓ መንግሥታት በየጊዜው አዲስ ጠመንጃ እየለወጡ አሮጌውን ይሸጡ ነበር። በቀይ ባሕር ዳርቻ ወደ ታጁራና ኦቦክ፣ በኋላም ወደ ጅቡቲ የሚደርሰው ዕቃ አብዛኛው እንዲህ ያለ ነበር። ዋና ዋናዎቹ የሚከተሉት ናቸው።

ሬሚንግተን፦ የአሜሪካ ሥሪት፤ አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርስ። አሠራሩ ቀላልና ጠንካራ ስለሆነ አቧራና ቸልተኝነት ይችላል። የግብፅ ጦር የያዘው 11 ሚሊሜትር ነበር።

ውጅግራ (ግራ)፦ በ1874 እ.ኤ.አ. የወጣ የፈረንሳይ ጠመንጃ፤ 11 ሚሊሜትር፣ አንድ ጎራሽ። ፈረንሳይ በ1886 እ.ኤ.አ. ጭስ አልባ ባሩድ ያለውን ባለ 8 ሚሊሜትሩን ለበል ስትይዝ ውጅግራ በብዛትና በርካሽ ለገበያ ወጣ።

ቬተርሊ፦ የኢጣሊያ፤ 10.35 ሚሊሜትር። መጀመሪያ አንድ ጎራሽ ነበር፤ በኋላ አራት ጥይት የሚይዝ ካዝና ተጨመረለት።

በርዳን፦ የሩሲያ፤ አንድ ጎራሽ፣ ከባድ እርሳስ የሚተኩስ።

በገዥው ላይ ትልቁን ችግር ያመጣው የጥይት አለመመሳሰል ነበር። ሬሚንግተንና ውጅግራ ሁለቱም 11 ሚሊሜትር ቢባሉም ቀልሃቸው በርዝመትና በቅርፅ ስለሚለያይ የአንዱ ጥይት በሌላው አይገባም። ዝናሩ የሞላ ወታደር የጓደኛው ጥይት ቢሰጠው ሊተኩስበት አይችልም። ስለዚህ አንድ ጠመንጃ ሲመረጥ ዒላማ መምታቱ ብቻ ሳይሆን ጥይቱ በሚቀጥለው ዓመት ከየት እንደሚመጣ መታሰብ ነበረበት። ውጅግራ በኢትዮጵያ በጣም የተስፋፋው ዋጋው ስለቀለለና ጥይቱ በጅቡቲ በኩል ሳይቋረጥ ስለሚገባ ነው። ጥይቱ ከመብዛቱ የተነሣ በገበያ እንደ አሞሌ ጨው ሁሉ የማርትሬዛ ብር ምንዛሪ ሆኖ ያገለግል ነበር።

ሻጮችና ዋጋቸው

በ1871 ዓ.ም. ስዊሱ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ወደ ሸዋ መጡ። ምኒልክ መጀመሪያ ጫማ፣ ቀጥሎም ጠመንጃ እንዲሠሩላቸው እንዳዘዟቸው ይነገራል። ኢልግ በኋላ የንጉሡ አማካሪ ሆነው በአውሮፓ ግዥ አገልግለዋል። ከፈረንሳዮቹ ነጋዴዎች ሌዎን ሼፍኔ ታዋቂው ነው። ባለቅኔው አርቱር ሬምቦም በ1879 ዓ.ም. ወደ 2,000 የሚጠጉ አሮጌ ጠመንጃዎች በግመል ጭኖ ከታጁራ ሸዋ ገባ። ምኒልክ ዕቃው ያለፈበት መሆኑን ስላወቁ ዋጋውን ዝቅ አደረጉ፤ የሟች ሸሪኩንም ዕዳ ከሂሳቡ ቀነሱ። ሬምቦ ያሰበውን ትርፍ ሳያገኝ ሄደ።

ምኒልክን ያዩ የውጭ አገር እንግዶች ንጉሡ አዲስ መሣሪያ ሲቀርብላቸው ራሳቸው ፈታትተው መመልከትና መሞከር ይወዱ እንደ ነበር መዝግበዋል። ክፍያው የሚፈጸመው በዝሆን ጥርስ፣ በወርቅ፣ በዝባድና በቡና ሲሆን፣ በታኅሣሥ 1879 ዓ.ም. ጨለንቆ ላይ ድል አድርገው ሐረርን መያዛቸው የንግዱን በር በእጃቸው አስገባ።

ይህ ግዥ ሌላ ገጽታም አለው። የዝሆን ጥርሱና ወርቁ በአብዛኛው የመጣው በዘመቻ ከተያዙት የደቡብና የምዕራብ አገሮች ነበር፤ የተገዛው ነፍጥም ተመልሶ ለእነዚሁ ዘመቻዎች ዋለ። በ1887 ዓ.ም. በወላይታ፣ በ1889 ዓ.ም. በከፋ የተደረጉት ጦርነቶች በሕዝቡ ላይ ከባድ ጥፋት አድርሰዋል። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የዘለቀው ክፉ ቀን ከብቱን ፈጅቶ ሕዝቡን ሲያስርብም የመሣሪያው ግዥ አልቆመም።

ውጫሌ፦ የሻጩ ጥያቄ

ከሻጮቹ ሁሉ ለጋሱ የኢጣሊያ መንግሥት ነበር። በ1880 ዓ.ም. በአንቶኔሊ በኩል በተደረገ ስምምነት 5,000 ሬሚንግተን ቃል ገባ። አፄ ዮሐንስ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. በመተማ ከወደቁ በኋላ፣ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በወሎ ውጫሌ ላይ ውል ተፈረመ። ደጃዝማች መኮንን ወደ ኢጣሊያ ተልከው የ4 ሚሊዮን ሊሬ ብድር ተዋዋሉ፤ ወደ 38,000 ጠመንጃና 28 መድፍም ይዘው ተመለሱ። ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ዘውድ ጫኑ።

የውሉ 17ኛ አንቀጽ በአማርኛው ንጉሡ ቢፈልጉ በኢጣሊያ በኩል ከውጭ መንግሥታት ጋር ሊጻጻፉ ይችላሉ ሲል፣ በጣሊያንኛው ግን ግዴታ ያደርገዋል። ኢጣሊያ በዚህ ተመርኩዛ ኢትዮጵያን ጥገኛዬ ናት አለች። በ1890 እ.ኤ.አ. የተፈረመው የብራስልስ ስምምነት ወደ አፍሪካ የሚገባውን መሣሪያ ስለገደበ፣ ጥያቄው የክብር ብቻ ሳይሆን የጥይትም ሆነ። ጠመንጃውን የሸጠ መንግሥት ጠላት ቢሆን ቀልሃው ከየት ይመጣል?

ምኒልክ የመለሱት በጥንቃቄ ነው። ወዲያውኑ አልጣሉም። ብድሩን ከፈሉ፣ ከኢጣሊያ የተላከውን 2 ሚሊዮን ጥይት ተቀበሉ፤ ከዚያ በኋላ በየካቲት 1885 ዓ.ም. ውሉን መሻራቸውን ለመንግሥታቱ አስታወቁ። በዚያው ጊዜ ከፈረንሳይና ከሩሲያ በኩል የሚመጣውን አበዙ። መሣሪያው የተለያየ መሆኑ ለስንቅና ለትጥቅ አስቸጋሪ ቢሆንም፣ አንድ ሻጭ በሩን ቢዘጋ አገሪቱ ባዶ እጇን አትቀርም ነበር።

ዓድዋ

የክተት አዋጁ በመስከረም 1888 ዓ.ም. ታወጀ። ሠራዊቱ በወረኢሉ ተሰብስቦ ወሎን አቋርጦ በአሸንጌ ሐይቅ በኩል ወደ ሰሜን ተጓዘ። ኅዳር 28 ቀን አምባላጌ ላይ የመጀመሪያው ድል ተገኘ፤ ቀጥሎም የመቀሌ ምሽግ ተከበበ። በመድፍ በኩል ፈጥኖ የሚተኩሰው ሆችኪስ በበጅሮንድ ባልቻ አዛዥነት ታላቅ አገልግሎት ሰጠ።

የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ወደ 100,000 ከሚገመተው የኢትዮጵያ ሠራዊት አብዛኛው ነፍጥ የያዘ ሲሆን፣ ቀሪው ጦር፣ ጋሻና ጎራዴ ነበረው። የኢጣሊያ ጦር ከ17,000 በላይ ሰውና 56 መድፍ አሰልፏል። ከአውሮፓ የመጡት ብዙዎቹ ወታደሮች አዲሱን ባለ 6.5 ሚሊሜትር ካርካኖ ትተው አሮጌውን ቬተርሊ እንዲይዙ ተደርጎ ነበር። ስለዚህ በመቅደላ የታየው የመሣሪያ ልዩነት በዓድዋ አልተደገመም። መድፎቹ ሁሉ ተማረኩ፤ ከሞቱትና ከተማረኩት የተወሰደው የቬተርሊ ጥይትም ቀድሞ ከኢጣሊያ በተገዛው ጠመንጃ የሚገባ ነበር። በጥቅምት 1889 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተፈረመው ውል ኢጣሊያ የኢትዮጵያን ነጻነት ተቀበለች።

የመጨረሻ ዘመንና ውርስ

በዓድዋው ዓመት በጀርመን ማውዘር ራሱ የሚጎርሰውን ሽጉጥ ማውጣት ጀመረ። ጥቂት ቆይቶም አሜሪካዊው ብራውኒንግ የነደፈው ሽጉጥ በቤልጅግ ኤርስታል ፋብሪካ ተሠራ። እንዲህ ያለው መሣሪያ በኋላ በኢትዮጵያ የመኳንንት መታጠቂያ ሲሆን፣ የገዥው ጥያቄ በምኒልክ ዘመን የነበረው ሆኖ ቀጥሏል፤ ጥይቱ ይገኛል ወይ? ሲሰበር ማን ይጠግነዋል?

በታኅሣሥ 1899 ዓ.ም. እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ኢጣሊያ ስለ ኢትዮጵያ የሦስትዮሽ ውል ሲፈራረሙ ስለ መሣሪያ ንግድ ቁጥጥርም አብረው ተስማሙ። ምኒልክ በዚያን ጊዜ ሕመም ጀምሯቸው ነበር። የልጃቸውን ልጅ ኢያሱን አልጋ ወራሽ አድርገው፣ ለዓመታት ከተኙ በኋላ በ1906 ዓ.ም. ዐረፉ። መቃብራቸው በአዲስ አበባ በአታ ለማርያም ይገኛል።

የተዉት የጠመንጃ ክምችት ለልጅ ልጅ ተላለፈ። መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ከቆቦና ከሮቢት ሜዳ በስተሰሜን በሚገኘው ማይጨው፣ የኢትዮጵያ ሠራዊት የምኒልክ ዘመን ውጅግራን ከአዲስ የቤልጅግ ጠመንጃ ጋር ደባልቆ ይዞ ከኢጣሊያ አውሮፕላንና መርዝ ጋር ተዋጋ። ከዚያ በፊት መንግሥታቱ የጣሉት የመሣሪያ ማዕቀብ በወረቀት ለሁለቱም ወገን እኩል ቢመስልም፣ ራሷ ፋብሪካ ያላትን ኢጣሊያን ሳይሆን ከውጭ የምትገዛውን ኢትዮጵያን ጎድቷል። ምኒልክ በውጫሌ የገጠማቸው የሻጭ ጥያቄ ከ40 ዓመት በላይ ቆይቶ ተመልሶ መጣ፤ በዚህ ጊዜ ግን ሌላ በር አልተገኘም።