ደስታ በሽታን ድንበር ተሻግረው የተከታተሉት የእንስሳት ሐኪም፦ አርኖልድ ታይለር

በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ያለው ዘመን በታሪካችን ክፉ ቀን ተብሎ ይጠራል። በምጽዋ በኩል ከውጭ ከመጡ ከብቶች ጋር የገባው ደስታ በሽታ፣ በብዙ የታሪክ ጸሐፊዎች ግምት፣ ከአገሪቱ አሥር ከብት ዘጠኙን ፈጀ። በሬ አልቆ ማሳው ጦሙን አደረ፤ ረሃብ ነገሠ፤ ዐፄ ምኒልክም ለሕዝቡ አርአያ ለመሆን ራሳቸው ዶማ ይዘው መሬት ቆፈሩ።

በሽታው ግን ከኢትዮጵያ አልቆመም። በነጋዴና በአርብቶ አደር መንገድ፣ ከመንጋ ወደ መንጋ እየተላለፈ፣ ምሥራቅ አፍሪካን አዳርሶ እ.አ.አ በ1896 መጀመሪያ የዛምቤዚን ወንዝ ወደ ደቡብ ተሻገረ። በዚያ ማዶ ወረርሽኙን ለመመከት ከተሰለፉት ጥቂት ባለሙያዎች አንዱ፣ ገና 30 ዓመት ያልሞላቸው የእንስሳት ሐኪም አርኖልድ ታይለር ነበሩ።

ታይለር እ.አ.አ በ1867 ስዊዘርላንድ ውስጥ ፍሪክ በምትባል መንደር ከመምህር አባት ተወለዱ። የእንስሳት ሕክምናን በአገራቸው ተምረው በ1891 ሥራ ፍለጋ ወደ ደቡብ አፍሪካ፣ የቦር ገበሬዎች መንግሥት ወደነበረችው ትራንስቫል ተጓዙ። ጅማሬያቸው የተቃና አልነበረም። በፕሪቶሪያ አቅራቢያ በአንድ የእርሻ ቦታ ተቀጥረው ሲሠሩ የመኖ መቁረጫ ማሽን የግራ እጃቸውን ቆረጠው። ከብት አስተኝቶ መመርመር ለሚጠበቅበት ሐኪም ይህ ከባድ ጉዳት ቢሆንም ሙያቸውን አልተዉም። በ1893 በማዕድን ማውጫዎቹ አካባቢ ፈንጣጣ ሲነሣ ክትባቱን አዘጋጅተው ለማዕድን ሠራተኞች በማድረሳቸው ስማቸው ታወቀ። ከጥቂት ዓመታት በኋላም የመንግሥት የእንስሳት ሐኪም ሆነው ተሾሙ።

ደስታ በሽታ በቡላዋዮ መታየቱ ሲሰማ የትራንስቫል መንግሥት ታይለርን ወደ ስፍራው ላካቸው። በሽታው ከብቱን በኃይለኛ ትኩሳት ይጀምረዋል፤ አፉን ያቆስለዋል፤ ዓይኑን ያስለቅሰዋል፤ በተቅማጥ አድክሞ አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይገድለዋል። በዚያ ዘመን የደቡብ አፍሪካ ጭነት የሚጓዘው በሬ በሚጎትተው ሠረገላ ነበርና፣ የታመመ በሬ በመንገድ ሲጓዝ በሽታውም አብሮት ይጓዝ ነበር። በዚህ የተነሣ ወረርሽኙ ከአንዱ ግዛት ወደ ሌላው በወራት ውስጥ ተዛመተ።

መንግሥታቱ በመጀመሪያ የያዙት ዘዴ ማገድና መግደል ነበር። ከ1,500 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም የሽቦ አጥር ተዘረጋ፤ ጠባቂዎች ቆሙ፤ የታመመውም ከታመመው ጋር የዋለው ጤነኛ ከብትም በጥይት ተደበደበ። ሆኖም በሽታው አጥሩን አልፎ ሄደ። ከብቱ ሀብቱም ክብሩም የሆነው ሕዝብ ጤነኛ ላሙ ሲገደልበት ሐኪሙን እንደ ጠላት ማየት ጀመረ። በ1896 በዛሬዋ ዚምባብዌ ለተነሣው አመፅ ከምክንያቶቹ አንዱ ይኸው የከብት ግድያ ነበር። በመጨረሻም ከዛምቤዚ በስተደቡብ ሁለት ሚሊዮን ተኩል ያህል ከብት እንዳለቀ ይገመታል።

ታይለር ሌላ መንገድ ፈለጉ። በሽታው ይዞት የዳነ ከብት ዳግመኛ እንደማይታመም ይታወቅ ነበር። ይህ ከብት በደሙ ውስጥ የያዘውን መከላከያ ወደ ሌላው ማሻገር ይቻል እንደሆነ መመርመር ያዙ። በዚህ ሥራ አጋር የሆኗቸው ኸርበርት ዋትኪንስ ፒችፎርድ፣ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት የነበረችው የናታል የእንስሳት ሐኪም ነበሩ። በጊዜው ትራንስቫልና እንግሊዝ በጠላትነት ይተያዩ ነበር፤ በ1896 መባቻ ከእንግሊዝ ግዛት የተነሣ ታጣቂ ኃይል ትራንስቫልን ወርሮ ተማርኮ ነበር። መንግሥታቱ በተኮራረፉበት በዚያ ወቅት ሁለቱ ሐኪሞች በአንድ በረት ውለው አደሩ፤ ካገገሙ ከብቶች ደም ያጣሩት ፈሳሽ ጤነኛውን ከሞት ሊጠብቅ እንደሚችልም አሳዩ።

በዚያው ወቅት ስመ ጥሩው ጀርመናዊ ሳይንቲስት ሮበርት ኮህ ኪምበርሌይ ላይ ከሞተ ከብት ሐሞት መከላከያ አዘጋጅተው ነበር። የሐሞቱ ዘዴ ለጊዜው ብዙ ከብት ቢያድንም በሽታውን ወደ ጤነኛ መንጋ የማስገባት አደጋ ነበረው። በሌሎች ተመራማሪዎች እየተሻሻለ ለረጅም ዘመን ያገለገለው የደሙ ፈሳሽ ዘዴ ነው።

ብዙም ሳይቆይ የተፈራው ጦርነት በ1899 ፈነዳ። የሌዲስሚዝ ከተማ በቦር ጦር ስትከበብ ዋትኪንስ ፒችፎርድ ከተከበቡት ጋር በውስጥ፣ ታይለር ደግሞ ከከባቢው ጦር ጋር በውጭ ሆኑ። በአንድ በረት የሠሩት ሁለት ሰዎች በመድፍ መካከል ተለያዩ። እንግሊዝ ድል ካደረገች በኋላ ግን አዲሶቹ ገዥዎች ትናንት በጠላትነት የተሰለፉትን ሐኪም ከሥራቸው አላነሷቸውም፤ እውቀታቸው ለየትኛውም መንግሥት አስፈላጊ ነበርና።

ታይለር በ1908 በፕሪቶሪያ አጠገብ የኦንደርስቴፖርትን የምርምር ማዕከል መሠረቱ። በዚያ ዘመን ፈረስና በቅሎን ለሚፈጀው የአፍሪካ የፈረስ በሽታና በግን ለሚያጠቃው ሰማያዊ ምላስ በሽታ ክትባት አበጁ። የፈረስ በሽታው ቫይረስ ብዙ ዓይነት ስለሆነ በአንዱ የተከተበ ፈረስ በሌላው ሊያዝ እንደሚችልም አስተዋሉ። ይህ ግኝት ዛሬም ክትባት ለሚያመርቱ ተቋማት መመሪያ ነው። ታይለር በ1936 ለንደን ውስጥ አረፉ። ፕሪቶሪያ የተወለደው ልጃቸው ማክስ ታይለር ከቫይረስ ጋር የሚደረገውን ትግል ወደ ሰው ሕክምና አሻግሮ፣ በቢጫ ወባ ላይ በሠራው ሥራ በ1951 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ።

ደስታ በሽታ ሙሉ በሙሉ የጠፋው ታይለር ካረፉ ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። በኢትዮጵያ የመጨረሻው ወረርሽኝ እ.አ.አ በ1995 በአፋር ታየ። ሙቀት የሚቋቋም ክትባት ተዘጋጅቶ፣ ከአርብቶ አደሩ መካከል የተመረጡና የሠለጠኑ ሰዎች የጎረቤቶቻቸውን ከብት በየበረሃው ከተቡ። ጠባቂና ጥይት ያላስቆሙትን በሽታ ባለከብቱ ራሱ ክትባቱን ይዞ አስቆመው። ኢትዮጵያ በ2008 ከበሽታው ነፃ መሆኗ ሲረጋገጥ፣ በ2011 ደግሞ በመላው ዓለም መጥፋቱ ታወጀ። ከፈንጣጣ ቀጥሎ በሰው ጥረት ከምድር የጠፋ ሁለተኛው በሽታ ነው።

የደስታ በሽታ የቅርብ ዘመድ የሆነው የበግና የፍየል ደስታ መሰል በሽታ ግን ዛሬም ከገበያ ወደ ገበያ፣ ከአገር ወደ አገር ይዘዋወራል። ዓለም እስከ 2030 ሊያጠፋው አቅዷል። ዕቅዱ የሚሠምረው የታመመችን ፍየል ደብቆ ወደ ገበያ ከመንዳት ይልቅ ለቀበሌው የእንስሳት ጤና ባለሙያ በጊዜ የሚያስታውቅ አርቢ ሲኖር፣ ባለሙያውም የሰማውን ከድንበር ማዶ ላለው የሙያ አጋሩ ሳይውል ሳያድር ሲያደርስ ነው።