የዳንግላው ቆንስል ሜጀር ቺስማንና የጣና ፎቶግራፎች

ባሕር በር የሌለው አገር ተማሪ ስለ ባሕር ጥበቃ ሲጽፍ ለአንዳንዱ እንግዳ ነገር ይመስለው ይሆናል። ነገር ግን አባቶቻችን ጣናን ባሕር ብለው ስለ ጠሩት በዳሩ ያለችው ከተማ ባሕር ዳር ተብላለች፤ ከጣና የሚወጣውም ዓባይ ሄዶ ሄዶ ከሜዲቴራኒያን ባሕር ይገባል። ስለዚህ ከዳንግላ ተነሥተው ይህን ውሃ በካርታና በፎቶግራፍ የመዘገቡትን የሜጀር ሮበርት ቺስማንን ታሪክ ባጭሩ እንተርካለን። ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ቺስማን በ1878 በእንግሊዝ አገር በኬንት ተወለዱ። የተማሩት ግብርና ሲሆን ከሁሉ ይልቅ ወፎችንና አራዊትን መመልከት ይወዱ ነበር። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በባግዳድ የሰር ፐርሲ ኮክስ ጸሐፊ ሆኑ፤ በ1921ም የዐረብን ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ በከፊል በካርታ አነሡ።

በ1925 መንግሥታቸው የሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ቆንስል አድርጎ ሾማቸውና መቀመጫቸው ዳንግላ ሆነ። እስከ 1934 ድረስ በዚሁ ሹመት ቆዩ። ያን ጊዜ የዓባይ ሸለቆ ብዙው ክፍል በአውሮፓውያን ካርታ ላይ በግምት ብቻ የተሣለ ነበር። ቆንስሉ ጓዛቸውን በበቅሎ አስጭነው ወንዙን ከጣና እስከ ሱዳን ወሰን ተከታተሉት፤ ገደሉ አላስኬድ ባለ ጊዜ አፋፍ አፋፉን ይይዙ ነበር። ግሽ ዓባይንም አዩ፤ ጣናን ዞረው ደሴቶቹንና ገዳማቱን ጎበኙ። በ1936 ስለ ጣናና ስለ ዓባይ የጻፉት መጽሐፍ ከፎቶግራፎችና ከካርታዎች ጋር ታተመ፤ በዚያው ዓመት የእንግሊዝ ንጉሣዊ የጂኦግራፊ ማኅበር ሜዳይ ሸለማቸው።

እውነቱን ለመናገር፣ እንግሊዞች ስለ ጣና ይህን ያህል ማወቅ የፈለጉት ለውበቱ ሲሉ አልነበረም። ለሱዳንና ለግብፅ የጥጥ እርሻ ውሃውን ይመኙ ነበርና። በ1902 ከዐፄ ምኒልክ ጋር ውል የተዋዋሉትም፣ ያለ እነርሱ ስምምነት በዓባይና በጣና ላይ ውሃውን የሚያግድ ሥራ እንዳይሠራ ነበር። ቢሆንም ፎቶግራፍ ለአንሺው ጌታ ብቻ ታዞ አይቀርም። ቦታውና ዘመኑ ከታወቀ ለኋለኛው ሰው ምስክር ይሆናል። ለምሳሌ በ1868 ከጄኔራል ናፒየር ጦር ጋር የመጡ ሰዎች በትግራይ መንገድ ያነሡአቸውን ፎቶግራፎች ተመራማሪዎች ከ140 ዓመት በኋላ በዚያው ቦታ ቆመው እንደ ገና አነሡአቸው። አገሩ ከዓመት ዓመት እየተራቈተ ሄደ ይባል የነበረው ቀርቶ፣ ዛፉ ከጥንቱ በዝቶ ተገኘ! ፎቶግራፍ ባይኖር ይህን ማን ያምን ነበር?

ለጣናም እንዲሁ ነው። በቺስማን ዘመን በጣና ላይ እምቦጭ የሚባል አረም አልነበረም፤ መኖሩ የታወቀው በ2011 ነው። አረሙን ነፋስ ከዳር ዳር ስለሚነዳው፣ ስፋቱን ለመለካት ከሳተላይት የሚነሣ ፎቶግራፍ ትልቅ ረዳት ሆኗል። ታንኳ የሚሠራበት ደንገልም የት የት ይበቅል እንደ ነበረ የሚናገሩት የቀድሞ ሥዕሎች ናቸው። ዩኔስኮ ጣናን በ2015 ከሚጠበቁ የተፈጥሮ ቦታዎች መዝገብ አስገብቶታል። በእንጅባራ አጠገብ ያለው የእኛው ዘንገና ሐይቅ ግን በየዓመቱ ከአንድ ድንጋይ ላይ ቆሞ ፎቶግራፍ የሚያነሣለት ሰው ቢያገኝ ለወደፊቱ እንዴት ያለ መዝገብ በሆነ!

ጣልያን አገራችንን በያዘ ጊዜ ቺስማን እንደ ገና ለኢትዮጵያ ጉዳይ ተጠሩ፤ በ1940 እና በ1941 በካርቱም ሆነው ስለ ኢትዮጵያ ወሬ የሚሰበስበውን ክፍል መሩ። በ1942ም በአዲስ አበባ በእንግሊዝ ሌጋሲዮን አገለገሉ። ከዚያ በኋላ ወደ አገራቸው ተመልሰው በ1962 አረፉ።