የባሕር ጥቃቅን እንስሳትን የሌሊት ጉዞ የመረመሩት ሰር አሊስተር ሃርዲ

እንግሊዛዊው የባሕር ሥነ ሕይወት ተመራማሪ ሰር አሊስተር ሃርዲ እ.ኤ.አ. በ1896 በኖቲንግሃም ከተማ ተወለዱ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት በውትድርና ካገለገሉና በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ትምህርታቸውን ካጠናቀቁ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1921 በሎውስቶፍት የመንግሥት የዓሣ ሀብት ምርምር ጣቢያ ተቀጠሩ። በዚያም የሰሜን ባሕር ሄሪንግ ዓሣ ምን እንደሚመገብ መረመሩ። ከምግቡ አብዛኛውን ድርሻ የያዙት ዙፕላንክተን የሚባሉት፣ ብዙዎቹ በዓይን በጭንቅ የሚለዩ ተንሳፋፊ እንስሳት ነበሩ።

ከእነዚህ ፍጥረታት ብዙዎቹ ቀኑን በጥልቁ ጨለማ ያሳልፋሉ። ሲመሽ ወደ ውኃው ገጽ ወጥተው ይመገባሉ፤ ሳይነጋም ተመልሰው ይወርዳሉ። ዋነኛው ምክንያት በብርሃን አይቶ ከሚያድናቸው ዓሣ ለማምለጥ እንደሆነ የዘርፉ ምሁራን ይገልጻሉ። ከማጀቴ ተነስቶ የመንዝን አቀበት ለሚወጣ ገበያተኛ መውጣትና መውረድ እንግዳ ነገር አይደለም። ከሩዝ ፍሬ የማይበልጥ እንስሳ በየዕለቱ በመቶ የሚቆጠር ሜትር መመላለሱ ግን ያስገርማል።

ሃርዲ እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1927 በዲስከቨሪ መርከብ ወደ አንታርክቲክ በተደረገው የምርምር ጉዞ ተሳትፈዋል። በጉዞው የሞከሩት መሣሪያ ከመርከብ ኋላ እየተጎተተ፣ በውኃው ግፊት በሚጠቀለል የሐር ጨርቅ ላይ ፕላንክተን የሚያጠምድ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1931 ጀምሮ የንግድ መርከቦች የዘወትር ጭነታቸውን እያጓጓዙ መሣሪያውን ይጎትቱላቸው ጀመር። የበጀት እጥረት ለሚያሳስበው መሥሪያ ቤት ልብ ሊባል የሚገባው ዘዴ ነው። ጥናቱ ከፕሊመዝ ከተማ እየተመራ እስከ ዛሬ ቀጥሏል።

በሃል፣ በአበርዲንና በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲዎች በፕሮፌሰርነት ያገለገሉት ሃርዲ፣ ከባልደረባቸው ቤይንብሪጅ ጋር በውኃ የተሞላ መንኮራኩር ሠርተው የእንስሳቱን ፍጥነት ለክተዋል። እ.ኤ.አ. በ1954 ይፋ ባደረጉት ውጤት መሠረት ካላነስ የተባለው ጥቃቅን እንስሳ በአንድ ሰዓት 15 ሜትር ያህል ሽቅብ ይጓዛል። እ.ኤ.አ. በ1957 የሰር ማዕረግ የተሰጣቸው ሃርዲ፣ እ.ኤ.አ. በ1985 በ89 ዓመታቸው አርፈዋል።

ሃርዲ በወጣትነታቸው የመረመሩት የዓሣና የዙፕላንክተን ግንኙነት በአገራችንም ጉዳይ ሆኗል። ከማጀቴ በስተሰሜን፣ ከደሴ አለፍ ብሎ በሚገኘው 88 ሜትር ጥልቀት ባለው ሎጎ ሐይቅ፣ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ማብቂያ ላይ ቆሮሶ ዓሣ እንዲራባ ተደረገ። ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1992 ባወጡት ጥናት፣ ክላዶሴራ የተባሉት የዙፕላንክተን ወገኖች በወቅቱ ከሐይቁ መጥፋታቸውን ከዚሁ ዓሣ መግባት ጋር አያይዘውታል። በአልጌ የተሸፈነው ውኃም ከቀድሞው ይልቅ ደፍርሶ ተገኝቷል።