ከሙሉ እርሻ እስከ መተማ ቆላ፦ የሳንድፎርድ ቤተሰብ ታሪክ

ከገንዳ ውሃ ወደ መተማ ዮሐንስ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ኮኪት የሰሊጥ፣ የጥጥና የማሽላ አገር ናት። ከነዋሪዎቿ ብዙዎቹ ራሳቸው ወይም ወላጆቻቸው ከሌላ ቦታ መጥተው መሬት ያቀኑ ናቸው። ስለዚህ እኛ ጋ ሰፋሪ ገበሬ የሚባለው ነገር እንግዳ አይደለም። እዚህ የማነሳቸው ሰፋሪ ግን ከደጋ የወረዱ ሳይሆኑ ከባሕር ማዶ የመጡ ናቸው፤ ብርጋዴር ዳንኤል ሳንድፎርድ ይባላሉ። የታሪክ መጻሕፍት ስማቸውን የሚጠሩት በአብዛኛው በ1932 እና በ1933 ዓ.ም. ከነበረው ጦርነት ጋር አያይዘው ነው። እኔ ግን ያንን የጦር ሥራ ያስቻላቸው እርሻው ነው ባይ ነኝ።

ሳንድፎርድ በእንግሊዝ አገር በ1874 ዓ.ም. ከቄስ ቤተሰብ ተወለዱ። መድፈኛ መኮንን ሆነው ሕንድና ኤደን አገልግለዋል። ኢትዮጵያን መጀመሪያ ያዩት እ.ኤ.አ. በ1907 ነው፤ በኋላም በሱዳን አስተዳደርና በአዲስ አበባው የእንግሊዝ ሌጋሲዮን ሠርተዋል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ተዋግተው ተሸለሙ፣ ክሪስቲን ለሽን አገቡ፣ ከዚያም ለአንድ የንግድ ኩባንያ ተቀጥረው ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ። ኩባንያው ብዙም ሳይቆይ ከሰረ። ሌላ ሰው ቢሆን ሻንጣውን አንስቶ ወደ አገሩ ይሄድ ነበር።

እነሱ ግን እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጀመሪያ ሙሉ በሚባል ቦታ እርሻ ጀመሩ። ሙሉ ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን ምዕራብ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ገደል አፋፍ ላይ የሚገኝ ደጋ ነው። ያኔ መኪና እንደልብ የሚሄድበት መንገድ አልነበረም፣ ጉዞው በበቅሎ ነው። ስድስት ልጆችም አሳደጉ። እዚህ ላይ ወይዘሮ ክሪስቲንን ማለፍ አይገባም። ባልየው ለሥራ ራቅ ብለው በሚሄዱበት ጊዜ ቤቱንና እርሻውን ይዘው የሚቆዩት እሳቸው ነበሩ። እንዲያውም የቤተሰቡ ታሪክ በባልየው ስም ብቻ መነገሩ ለእኔ ትክክል አይመስለኝም።

እ.ኤ.አ. በ1935 ሳንድፎርድ የማጂ ገዥ አማካሪ እንዲሆኑ በንጉሠ ነገሥቱ ተሾሙ። ማጂ በባሪያ ፍንገላ ክፉኛ የተጎዳ አገር ነበር። ሥራው ገና ሳይጠና ጣሊያን መጣና ቤተሰቡ በ1928 ዓ.ም. እርሻውን ጥሎ ወደ እንግሊዝ ተሰደደ። ከአሥር ዓመት በላይ የለፉበት መሬት በጠላት እጅ ቀረ ማለት ነው።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲነሳ የእንግሊዝ ጦር አዛዥ ጄኔራል ዌቭል ሳንድፎርድን ወደ ካይሮ አስጠሯቸው። ጣሊያንን ለማስወጣት ከአርበኞች ጋር መገናኘት ያስፈልግ ነበር፤ ለዚህም የተቋቋመው ቡድን ሚሽን 101 ተባለ። ስሙ የተወሰደው ከመድፍ ጥይት ፊውዝ ነው። ቡድኑ ከሱዳን ዶካ ተነስቶ ነሐሴ 6 ቀን 1932 ዓ.ም. ከመተማ በስተ ደቡብ ድንበሩን ተሻገረ። መተማ ላይ የጣሊያን ጦር ሰፍሯል። ሳንድፎርድ ያኔ 58 ዓመታቸው ነበር።

እስቲ ነሐሴ ወር በኛ ቆላ ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ሰው ያስበው። ዋልካው እግር ይይዛል፣ ሣሩ ከሰው ቁመት ይበልጣል፣ ወንዙ ይሞላል፣ ወባውም አለ። የተጫነ በቅሎ እየነዱ፣ የጣሊያን አውሮፕላን እየፈለጋቸው፣ ወደ ጎጃም ደጋ ወጡ። የንጉሠ ነገሥቱ ወኪል አዛዥ ከበደ ተሰማ (በኋላ ደጃዝማች) የዚሁ ተልእኮ አካል ነበሩ።

ጎጃም ላይ የገጠማቸው ትልቁ ችግር ጣሊያን ብቻ አልነበረም። ሁለቱ ታላላቅ አርበኞች፣ ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬና ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ፣ እርስ በርስ አይተማመኑም ነበር። ሳንድፎርድ መሃል ገብተው በመስከረም 1933 ዓ.ም. እንዲስማሙ ረዱ። የገጠሩን ሰው አነጋገር፣ ሽምግልናውን፣ ማን ከማን በፊት ሰላምታ እንደሚሰጥ የማያውቅ መኮንን ይህን ሊሠራ የሚችል አይመስለኝም። እሳቸው ግን ዓመታት ከገበሬ ጋር ኖረዋል። በኅዳር ወር ዊንጌት በአውሮፕላን ፋጉታ ላይ ሲያርፍ ቡድኑ ሦስት ወር ያህል ሆኖታል። ዝናው ወደ ዊንጌት አደላ፤ መንገዱን የጠረጉት ግን ሳንድፎርድና አርበኞቹ ናቸው። ንጉሠ ነገሥቱ ጥር 12 ቀን ኦሜድላ ላይ ድንበሩን ተሻግረው ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገቡ።

ታዲያ ሳንድፎርድ ለማን ነበር የሚሠሩት? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ የእንግሊዝ መኮንን ናቸውና። ነገር ግን ከነጻነት በኋላ የእንግሊዝ ወታደራዊ አስተዳደር አገሪቱን እንደተያዘ የጠላት ግዛት ሊያያት ሲዳዳው ሳንድፎርድ የንጉሠ ነገሥቱን ሥልጣን ደግፈው ተከራከሩ፤ በዚህም ከወገኖቻቸው ብዙ ወቀሳ ደረሰባቸው። የሚገርመው የዚያ አስተዳደር ከፍተኛ ሹም የነበሩት ብርጋዴር ሞሪስ ለሽ የወይዘሮ ክሪስቲን ወንድም ናቸው። ክርክሩ ቤተሰብ ውስጥም ገብቶ ነበር ማለት ይቻላል።

ከዚያ በኋላ በአገር ግዛት ሚኒስቴርና በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ሠርተው እንደገና ወደ ሙሉ ተመለሱ። ወይዘሮ ክሪስቲን በበኩላቸው እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ በአዲስ አበባ ልጆች ማስተማር ጀመሩ፤ ያ ሥራ አድጎ ዛሬ በቤተሰቡ ስም የሚጠራው የሳንድፎርድ ትምህርት ቤት ሆነ። ስለ ኢትዮጵያም ሁለት መጻሕፍት ጽፈዋል።

ሳንድፎርድ በ1964 ዓ.ም. በ89 ዓመታቸው አረፉ። በ1966 አብዮቱ ፈነዳ፤ የካቲት 1967 የወጣው አዋጅ የገጠርን መሬት ሁሉ የሕዝብ አደረገ፤ ሙሉም አብሮ ተወረሰ። አንዴ በጣሊያን የተነጠቀው እርሻ በዚህኛው ጊዜ ለቤተሰቡ አልተመለሰም።